ዓሣ ያላያት ዝንብ

ሲኞር ዳልማሶ የተገኘው በሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ነበር። ከበሩ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሥራ አድክሞት ያሸለበ ሽማግሌ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ከግራ ጆሮው በላይ ያለው ሽበት ጠቁሮ ደርቋል። ወደ ወለሉ የወረደው ደም ላይም ቢጫና ሰማያዊ የላባ ብጣሽ ተለጥፎበታል።

የሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ እሑድ ጠዋት ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አስመራን ያጠባት ዝናብ ገና አልበቃው ብሎ ሰማዩ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ጣሪያዎች ላይ ተንጠልጥሏል።

ሻምበል እሸቱ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ፖሊስ ተዛውሮ ከመጣ ሁለተኛ ክረምቱ ነበር። ብርዱን አልለመደውም፤ ከተማዋን አላመናትም፣ እሷም አላመነችውም። ጥሩ መርማሪ ነው ይሉታል። እንደሚሉትም ያውቃል፣ ሲሉትም ደስ ይለዋል፤ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ ከሟቹ ፊት ያለውን አይቶ።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የብረት ሞርሳ ታስራለች። የሞርሳዋ እጀታ በቀኝ በኩል ነው። በጥርሷ መንጠቆ ነክሳለች፤ መንጠቆው ላይ ደግሞ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ነገር፣ ፊቷን በስተግራ ወዳለው መስኮት አዙራ፣ ክንፏን አቁማ ተቀምጣለች። ገላዋ በብር ክር ተጠምጥሟል። ክንፏ ከሦስት አራት ወፎች የተወሰደ ቀጭን ቀጭን ላባ ጎን ለጎን ተነካክሶ፣ እግዚአብሔር ራሱ እንደዚያ የፈጠረው አንድ ላባ መስሏል።

«ዝንብ ነው ሻምበል» አለ ሃምሳ አለቃ በርሄ። በርሄ የከተማው ልጅ ነው፤ አማርኛውን ተማሪ ቤት ነው የተማረው።

«ዝንብ?»

«እወ። የዓሣ ማጥመጃ። ዓሣው ዝንብ መስሎት ይውጠዋል።»

«ይቺ እኮ ሙሽራ ናት በርሄ! እንዲህ ያጌጠ ዝንብ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ዓሣውም አይቷት ኣያውቅም። ባሕር ማዶ ያሉ ሀብታሞች ይገዟትና በመስተዋት ሣጥን ግድግዳ ላይ ይሰቅሏታል። የዚህ ሽማግሌ ስም እዚያ የታወቀ ነው ይባላል።»

እሸቱ ክፍሉን ዞረው። የላባ መሳቢያዎች እንደተዘጉ ናቸው፤ የተሰረቀ ነገር ያለ አይመስልም። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ የከሰል ካውያው ብቻ ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል፣ ከሥሩም የውሃ ክብ ቀርቷል። እሸቱ ካውያውን አንስቶ በእጁ መዘነውና መልሶ አስቀመጠው። ሌላ መሣሪያ መፈለግ አላስፈለገም።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ግራጫ ማኪና ቆማለች። ውስጧ ሁለት ሰዎች ጋዜጣ ይዘዋል፤ ገጹን ግን አይገልጡም።

«እነዚህ ደግሞ ምን ፈልገው ነው?»

በርሄ አየና ዓይኑን ቶሎ መለሰ። «ኣላውቅም ሻምበል» አለ፤ እንደሚያውቅ ከድምፁ ያስታውቃል።

⁂

አስከሬኑን ያገኙት ጎረቤቲቱ ወይዘሮ እማዋይሽ ናቸው። የጦር መኮንን ሚስት ናቸው፤ ከጎጃም መጥተው እዚህ ቪላ ውስጥ ሲቀመጡ የሚያጫውታቸው ሰው ከሽማግሌው ቤት በቀር አላገኙም።

«መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ አደረ። ጠዋት ብገባ… አይ የኔ ጌታ! እሱን መግደል ምን ያደርግላቸዋል? ዝንብ የማይገድል ሰው፣ ዝንብ የሚሠራ ሰው!»

«ትናንት አይተውት ነበር?»

«ምን ጥያቄ አለው! ከምሳ በኋላ ወተት አመጣሁለት። እዚሁ ተቀምጧል፣ ይቺኑ ነገር ይዟል። ግን ያኔ ራቁቷን ነበረች፣ የብሩ ክር ብቻ። ‹ክንፉስ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ክንፉ እስኪመሽ ይፈጀኛል፣ እጄ አርጅቷል› አለኝ። ከዚያ እኔና ኣብርሄት ቤት ጊዮርጊስ መንደር ለቅሶ ልንሄድ ተነጋግረን ስለነበር፣ እሷ ነጠላዋን ስትተኩስ ‹በሉ ልበሱና በር ላይ እንገናኝ› አለችኝ።»

«ኣብርሄት ማናት?»

«ቤቱን የምትይዝለት ልጅ ናታ። ጨዋ፣ አንገቷን የደፋች። ትንሽ አስጠበቀችኝ እንጂ ነጠላዋን ክርክም አድርጋ ወጣች። ገና መንገድ ሳንጀምር ዝናቡ ያዘን፤ እየሮጥን አውቶቡስ ውስጥ ገባን። እስኪመሽ ከጎኔ አልተለየችም። እሷማ ስታለቅስ ዋለች፤ የሟቿን እናት እንኳ አስናቀች።»

እሸቱ ዝንቧን አየ፤ ከዚያ ወይዘሮ እማዋይሽን። አንድ ነገር አእምሮው ውስጥ ቁልፍ እንዳገኘ በር ተከፈተ። ለበርሄ እንኳ ሳይነግረው ፈገግ አለ።

⁂

ኣብርሄት የምትኖረው ሐዝሐዝ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሞቱን ሰምታ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ይህም ሆኖ እንግዳ ነውና ሻሂ አፈላች። ብርጭቆውን በቀኝ እጇ፣ ግራዋን ከክርኗ ሥር ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችው።

«የቐንየለይ» ብሎ አመሰገናት፤ የሚያውቃት ትግርኛ እሷን ብቻ ነበር። «እዚያ ቤት ሥራሽ ምን ነበር?»

«አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ። ላባም እለይለታለሁ፣ ጌታዬ።»

«ዝንብስ?»

«ዝንብ የሱ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

እሸቱ ሻሂውን ፉት አለና እግሩን አነባበረ። ይህን ጊዜ ይወደዋል። «አትፍሪ። አንቺና ወይዘሮ እማዋይሽ ከነገሩ ነፃ ናችሁ። እሳቸው ሲያዩት ዝንቡ ክንፍ አልነበረውም። ሽማግሌው ክንፉ እስኪመሽ እንደሚፈጀው በራሱ አፍ ተናግሯል። እኛ ስናገኘው ግን ክንፉ አልቋል። እናንተ ስትወጡ ገና መዝነብ እየጀመረ ነበር፤ ያባራው ሲመሽ ነው። ስለዚህ ሰውየው ዝናቡን ሙሉ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። የገደለው ዝናቡ ካባራ በኋላ የገባ ሰው ነው።»

ኣብርሄት ቀና ብላ አየችው። ነገሩን አሁን ገና የሰማች ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ እሸቱ ሐዘን ነው ብሎ አሰበ።

በሩ ተንኳኳ። በርሄ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ።

«ሻምበል፣ የጎረቤቱ ዘበኛ ተናግሯል። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ሰው ከረጢት ተሸክሞ ገባ፤ ወዲያው ደግሞ እየሮጠ ወጣ። ላባ የሚያመጣለት ሰው ነው፣ ከሰሎሙና ጫካ። ኣባዲ ይባላል።»

ብርጭቆ ተሰበረ። ኣብርሄት ስብርባሪውን ለመልቀም ጎንበስ አለች፤ አልለቀመችውም፣ እዚያው ተንበርክካ ቀረች።

«ሓወይ እኮ ነው» አለች። «ወንድሜ ነው።»

⁂

ኣባዲን ከቤቱ ጓሮ አገኙት። የጓሮውን በር በካልቾ መግፋት አላስፈለገም፤ ራሱ ከፈተላቸው። ከቆመበት አጠገብ ገበቴ አለ፤ ገበቴው ውስጥ ሸሚዝ ተዘፍዝፏል፤ ውሃው ቀይ ነው።

«ሥጋ ቤት ሆነ እንዴ?» አለ እሸቱ።

«ደም ኣይደለም! በማርያም ደም ኣይደለም! ትናንት ስገባ ሞቶ አገኘሁት። ደንግጬ ሮጥኩ። ማን ያምነኛል ብዬ ነው። ሸሚዜ ጭቃ ነበር፣ ሳሙና ውስጥ ከተትኩት። ኪሴ ውስጥ የቀረ ላባ ነበር መሰል፣ ቀለሙን…»

«ላባ ደም ይደማል እያልከኝ ነው?»

ኣባዲ አፉን ከፈተና ዘጋው። ሰንሰለት ሲያስገቡለት እጁን አላስቸገረም። ግራጫዋ ማኪና ከመንገዱ ጥግ ቆማ ነበር፤ እነሱ ሲንቀሳቀሱ እሷም ሞተሯን አስነሣች።

ጣቢያ ሲደርሱ አዛዡ ኮሎኔል ደጉ በረንዳ ላይ ይጠብቃል። ዛሬ ደስ ብሎታል፤ ኮሎኔል ደጉ ደስ ሲለው እሸቱ ይጠነቀቃል።

«እሸቱ፣ ጎበዝ! በአንድ ቀን! ታውቃለህ፣ ይሄ ሰውዬ ሰሎሙና ጫካ ይገባል ይወጣል። ላባ ፍለጋ ነው ይላል። ጫካ ውስጥ ከወፍ ሌላ ማን እንዳለ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።»

«ከሽፍቶቹ ጋር ለመገናኘቱ ማስረጃ የለኝም፣ ጌታዬ። እኔ የያዝኩት በግድያ ነው።»

«የጸጥታ ሰዎቹ ይፈልጉታል። ነገ ይረከቡታል።»

እሸቱ በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደገፈ። በጸጥታ ሰዎች እጅ የገባ ሰው በዚህ ክረምት ስንቱ እንደተመለሰ አንድም ሰው ሊነግረው አይችልም። የገዛ ክሱ ሰውየውን ወዴት እየገፋው እንደሆነ ያን ጊዜ ታየው። ደስ አላለውም።

«ምርመራዬን ልጨርስ፣ ጌታዬ። ነገ እስኪመሽ ይታገሡኝ።»

«እስኪመሽ» አለ ኮሎኔሉ። «ካመነ ግን አንተን የሚጠብቅ የለም። ያቺን የኮትህን ቁልፍ ደግሞ አሰፋት፣ ልትወድቅ ነው።»

⁂

ሰኞ ጠዋት እሸቱና በርሄ ወደ ብረት ሠሪዎቹ ገበያ፣ ወደ መደበር ሄዱ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሌላ ነገር አስታውሰው ነበር፤ ባለፈው ሰሞን አንድ ብረት ሠሪ ከሽማግሌው ጋር በር ላይ ተጯጩኋል። ሃብተጽዮን የሚባል፣ ከአሮጌ በርሜል ምጣድ፣ ከአሮጌ ሞተር ማንጠልጠያ የሚያወጣ ሰው ነው። መዶሻው ሁሉ ባንድ ላይ ሲወርድ መደበር ውስጥ የራስን ድምፅ መስማት ያስቸግራል።

«እወ፣ ጮኼበታለሁ!» አለ ሃብተጽዮን፣ ከመዶሻው በላይ እየጮኸ። «ሰው እንዲህ ይቀልዳል? ሞርሳ ሥራልኝ አለኝ፣ ሠራሁለት። ቆይቶ ‹ሌላ ሥራልኝ፣ እጀታው ግን በግራ ይሁን› አለኝ። ሠራሁ። ባለፈው ደግሞ ‹ላልቷል› ብሎ ይሰድበኛል! እኔ ጣልያን ሲገዛን ተሰድቤ ጠግቤያለሁ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«የት እሆናለሁ? እዚሁ! ይሄን ሁሉ ሰው ጠይቅ!»

ይሄ ሁሉ ሰው መዶሻውን አቁሞ ምስክርነቱን ሰጠ። እሸቱ ጆሮው እየጮኸ ወጣ። ከብረት ሠሪው ጥል ምንም አልጨበጠም፤ ቢያንስ ያን ጊዜ እንደዚያ ነው የመሰለው።

«ወዴት ነው ሻምበል?» አለ በርሄ።

«ወደ ሽማግሌው ቤት። የኣባዲ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ላባ ይደማል ወይስ አይደማም?»

⁂

የላባ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ከታች በኩል ባለው ውስጥ የጫካ ወፍ ክንፎች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ሲዘረጉ ግን ውስጣቸው እንደ በርበሬ የቀላ። እሸቱ አንዱን ቀይ ላባ ነቀለና ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ በርሄ ሳሙና ፈቅፍቆ ጨመረበትና በጣቱ አማሰለው።

ውሃው ቀስ እያለ ቀላ። ቆይቶ የኣባዲን ገበቴ መሰለ።

«ኣደይ ማርያም!» አለ በርሄ። «እውነቱን ነበር።»

እሸቱ ሳቀ። ከትናንት ጠዋት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ዝንቧን በትንሽ ሣጥን አድርጎ በኪሱ ከተተና ወደ ጣቢያው በጥድፊያ ተመለሰ። የምሥራች ይዞ እስር ቤት መግባት ለፖሊስ ስንት ጊዜ ይገጥመዋል?

«ደስ ይበልህ» አለ፣ የክፍሉን በር እያስከፈተ። «ውሃው ደም አይደለም። በዓይኔ አየሁት።»

ኣባዲ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። «ነገርኩዎት እኮ! ሻምበል፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ! እህቴ ታውቃለች? ንገሯት፣ ታለቅሳለች እሷ…»

«ቀስ በል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ ከዚያ ለኮሎኔሉ ራሴ እናገራለሁ። አንተ ስትገባ ይቺ አልቃ ነበር?»

ሣጥኑን ከፍቶ ሰጠው። ኣባዲ በቀኝ እጁ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አደረገው። ፈገግታው መጀመሪያ ከአፉ፣ ቀጥሎ ከዓይኑ ጠፋ። ክንፏን አየ፣ ራሷን አየ፣ ወደ ራሷ ደግሞ ተመለሰ። ኮሪደሩ ላይ የዘበኛው ጫማ ይሰማል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ። ከኋላው መጥቼ ራሱን መታሁት። ይጻፉ።»

«አብደሃል እንዴ? አሁን እኮ ልፈታህ ነው!»

«እኔ ነኝ ኣልኩዎት!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ሰማ። ዘበኛው የሰማውን ደግሞ ኮሎኔል ደጉ ሳይሰማ አይውልም።

⁂

እሸቱ ቢሮውን ዘግቶ ዝንቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሊፈቱት ሲሉ ሞትን የመረጠ ሰው አይቶ አያውቅም። ሰውየው የደም ዜናውን ሲሰማ ዘሎ ነበር፤ የተለወጠው ይቺን ካየ በኋላ ነው። ምን አየባት?

ምላጭ አመጣ። ራሷ ላይ ቀባ ቀባ የተደረገውን ቀለም ፋቀው፣ የክሩን ጫፍ አገኘ፣ ቀስ እያለ መፍታት ጀመረ። ክንፎቹ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። እንዲህ ያለ ነገር ማፍረስ ኀጢአት ይመስላል። ክንፉን ያሰረው ክር አልቆ የገላው ክር ላይ ሲደርስ እጁ ተሳሳተ፤ ክሩ ከመፈታት ይልቅ ጠበቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ጠበቀ።

የገላው ክር በአንድ አቅጣጫ ነው የተጠመጠመው። የክንፉ በተቃራኒው።

እርሳስ አነሣና በቀኝ እጁ ክር ጠመጠመበት፤ እንደ ገላው ሆነ። የእርሳሱን ፊት ወደ ግራ አዙሮ በግራ እጁ ሞከረ፤ ክሩ ተዝረከረከበት፣ ግን እንደ ክንፉ ሆነ። ዝንቧ ሞርሳው ላይ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ መቀመጧ ትዝ አለው። ከግራ ጆሮ በላይ፣ ከኋላ የተመታው የሽማግሌው ራስ ትዝ አለው። ‹እጀታው በግራ ይሁን› ተባልኩ ያለው ብረት ሠሪም ትዝ አለው። ያ ሁለተኛ ሞርሳ በሽማግሌው ቤት የለም።

ገላውን የሠራው ሽማግሌው ነው። ክንፉን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ግራኝ የሆነ፣ ለሥራውም እስኪመሽ የማይፈጅበት። ኣባዲ ይህን እጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

እንግዲያ ዝንቧ ስታልቅ ሽማግሌው በሕይወት ነበረ ያለው ማን ነው? ማንም አይደለም፤ እሸቱ ራሱ ነው፣ እግሩን አነባብሮ፣ ሻሂ ፉት እያለ።

«በርሄ! ለኮሎኔሉ ንገር፣ እኔ እስክመለስ ኣባዲን ለማንም እንዳይሰጡ!»

ሲወጣ ከጣቢያው ማዶ ቆማ የነበረችው ግራጫ ማኪና በቦታዋ አልነበረችም።

⁂

ኣብርሄት በሩን ከፈተችና ከኋላው ሌላ ሰው ካለ ተመለከተች። «ወንድሜስ?»

«ደኅና ነው» አላት። ሲላት እውነት መስሎት ነበር። «እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይቺ የኮቴ ቁልፍ ልትወድቅ ነው። ትሰፊልኛለሽ?»

ኮቱን ተቀበለችው፣ በሁለት እጇ፣ እንደ ወጉ። መርፌና ክር አወጣች። ክሩን አስገባች፣ ቁልፉን አስተካከለች፣ መስፋት ጀመረች። ሦስት አራት ጊዜ ካመላለሰች በኋላ ከቁልፉ ሥር ክሩን ትጠመጥም ጀመር፣ በፍጥነት፣ ሳታይ። መርፌው በግራ እጇ ነበር።

እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችው።

«በልጅነቴ አባቴ ይመታኝ ነበር» አለች። «በግራ አይበላም፣ በግራ አይሰጥም፣ በግራ ሰው አይጨበጥም ብሎ። ተውኩ። ሥራ ላይ ግን እምቢ አለኝ። ሥራ ላይ ደግሞ ማንም አያየኝም።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ኮቱን መለሰችለት። ከዚያ ተነሥታ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተከደነውን ጨርቅ ገለጠችው። ሞርሳው እዚያ ነበር፣ እጀታው በግራ።

«የሲኞር እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆየ። ባሕር ማዶ የሚያደንቁት ሁሉ የኔ ነው። ስሙ ለሱ ይሁን ብያለሁ፣ ስም ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ ግን ደከመ፣ ሻምበል። ቅዳሜ ወይዘሮ እማዋይሽ እንደወጡ ‹ከእንግዲህ በቃኝ፣ ልተው ነው› አልኩት። ሳቀ። ‹ያቺን ግራጫ ማኪና ታያታለሽ? አንድ ቃል ብናገር ወንድምሽ ቤቱ አያድርም› አለኝ። ይህን ብሎ ወደ ዝንቡ ዞረ። ለቅሶ ልሄድ ነጠላዬን ተኩሼ ነበር፤ ካውያው እጄ ላይ ነበር።»

«ወንድምሽ ጫካ ላሉት ሰዎች የሚያደርሰው ነገር ነበረ?»

«አልጠየቅሁትም። ማወቅ ፈራሁ።»

«ክንፉንስ ለምን ሠራሽው? እኛን ለማታለል?»

«አይደለም!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ምን እንዳደረግሁ ሳውቅ እግሬ አልሄድ አለ። ሞርሳው ላይ ያቺ ራቁቷን ቆማ ታየኛለች። አጠገቡ ተቀመጥኩና አዙሬ ጨረስኳት። እጄ ነው የጨረሰው እንጂ እኔ አላሰብኩም። ነገሩ እንደሚያድነኝ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ዝም አልኩ። ወዲያው ሃምሳ አለቃው ገብቶ የወንድሜን ስም ጠራ።»

እሸቱ ኮቱን ለበሰ።

«ትናንት ልናገር ነበር» አለች። «ደም የለበትም፣ ይፈቱታል ብዬ ጠበቅሁ። ፈራሁ። አሁን ይውሰዱኝ። እሱን ይፈቱታል አይደለም?»

«ይፈቱታል» አለ እሸቱ። «ቃሌን እሰጥሻለሁ።»

⁂

ጣቢያ ሲደርሱ ዝናቡ ጀምሯል። ኣብርሄትን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ ወደ ኮሎኔሉ ገባ። በርሄ በሩ ላይ ቆሟል፤ ዓይኑን ከእሸቱ ዓይን አሸሸ።

«ጌታዬ፣ ገዳይዋን ይዣታለሁ። ውጭ ተቀምጣለች። ኣባዲ ያመነው እህቱን ለማዳን ነው።»

ኮሎኔል ደጉ ዛሬ ደስ አላለውም። ብዕሩን አስቀመጠ።

«አንተ እንደወጣህ ተረከቡት።»

«ይመልሱት እንጂ! አሁኑኑ ስልክ ይደውሉ፣ ጌታዬ!»

«በምፅዋ መንገድ ይዘውት ሲወርዱ፣ ቤት ጊዮርጊስን አለፍ እንዳሉ ከማኪናው ዘሎ ሊያመልጥ ሞከረ። ተመታ። አስከሬኑን ቤተሰቡ ነገ መውሰድ ይችላል።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። እሸቱ እጁ ላይ ሰንሰለት ያለበት ሰው እንዴት አድርጎ ከማኪና እንደሚዘል ሊጠይቅ አፉን ከፈተ።

«አትጠይቅ» አለ ኮሎኔሉ፣ ቀስ ብሎ። «ሽማግሌውን የገደለው አምኗል፤ ሊያመልጥ ሲልም ሞቷል። ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ። አሁን ሌላ ገዳይ ብታመጣብኝ፣ መንገዱ ላይ የተመታው ማን ነበር ልበል? ያቺን ሴት ወደ ቤቷ ስደዳት። አንተም ዝም በል፣ ለሷም ለራስህም።»

ኮሪደሩ ላይ ኣብርሄት እንዳየችው ብድግ አለች። «ይፈቱታል?»

እሸቱ ባርኔጣውን አወለቀ። ኣብርሄት ባርኔጣውን አየች፣ ባዶ ራሱን አየች፤ ከዚያ ነገሩ ገባት። አልጮኸችም። ቅዳሜ በሰው ለቅሶ ላይ ያለቀሰችው ለራሷም የበቃት መሰለው።

ሁለት እጇን ዘረጋችለት።

«እንግዲያው እሰሩኝ።»

«ቤትሽ ግቢ፣ እህቴ» አላት።

«እኔ እኮ ነኝ! የገደልኩት እኔ ነኝ! እሰሩኝ!»

በርሄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጇን የሚያስር ሰው አልተገኘም።

ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ኣብርሄት በየጠዋቱ እየመጣች እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ጥቁር ለብሳ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ላለፈ ላገደመው ፖሊስ ሁሉ ያችኑ አንዲት ቃል ትናገራለች። ዘበኞቹ አብዳለች ብለው ያዝኑላታል፤ ሲበርዳት ሻሂ ይሰጧታል። ብርጭቆውን በግራ እጇ ትቀበላቸዋለች። ሻምበል እሸቱ ከዚያ ወዲያ ቢሮው የሚገባው በጓሮው በር ነበር።